ከመቶ ስድስት

ቢሮው ከጎሚስታው ሱቅ በላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው። አንደኛው የመሐንዲሱ፣ ሌላው የእህትማማቾቹ ነው። በሁለቱም ውስጥ የሚሠራው ግን አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው፤ አገሩን በመኪና እየዞረ ለሚያይ መንገደኛ የተዘጋጀ መሪ መጽሐፍ። በየአራት ዓመቱ ታድሶ ይታተማል። አሠራሩ ቀላል ነው። መንገደኛው መጽሐፉን ጋቢና ውስጥ ይዘረጋል፣ ፖስታ ቤቱ አደባባይ ሲደርስ ኪሎሜትር ቆጣሪውን ዜሮ ያደርጋል፣ ከዚያ መጽሐፉ ቁጥር እየጠራ ይወስደዋል። በ12.6 በስተቀኝ አሮጌ ወፍጮ ቤት። በ31.0 ከትልቁ ዛፍ ሥር ምንጭ አለ፣ ውሃው ይጠጣል። ምልክት በሌለበት አገር ቁጥሩ ነው ምልክቱ።

መሐንዲሱ ሠላሳ ዓመት መንገድ ሲሠራ ኖሮ፣ ጉልበቱ ሲከዳው መንገዱን መጻፍ የጀመረ ሰው ነው። ጠዋት ደረጃውን አንዴ ይወጣል፣ ማታ አንዴ ይወርዳል፤ በመካከሉ ሰማይ ቢደፋ ከወንበሩ አይነሳም። መንገድ የሚለካባት ጂፕ በጓሮ እንደምትቆም ያውቃል እንጂ ካያት ዓመት አልፎታል።

ከእህትማማቾቹ ታላቂቱን ሰው ሁሉ "ዶክተሯ" ይላታል። ዶክተር አይደለችም። ባሕር ማዶ አሥራ አንድ ዓመት የመንገድና የንግድ ታሪክ ስታጠና ኖራ፣ የመጨረሻውን ጽሑፍ ሳትጨርስ ነው የተመለሰችው። መጀመሪያ ሰሞን "ኧረ አልጨረስኩም" ትል ነበር፤ ሰው ትሕትና መሰለው። አሁን ዝም ትላለች፤ በተጠራች ቁጥር ግን ጫማዋ ውስጥ ጠጠር እንደገባባት ይቆረቁራታል።

ታናሺቱ ሚጣ ናት። ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቷት፣ የጭነት መኪና ሳይቀር እየነዳች፣ ዛሬም ሚጣ ናት። ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈችም። ታላቋ ባሕር ማዶ ሳለች እሷ እናታቸውን ታሳክማለች፣ የመሐንዲሱን ጂፕ ትነዳለች፣ ቁጥሩን እየጠራች ለሌላ ሰው ታስጽፋለች። አንድ ቀን ጸሐፊው ታሞ ቢቀር ራሷ ጻፈችው። ከዚያ ወዲህ የሚያቆማት አልተገኘም።

በእህትማማቾቹ ክፍል ግድግዳ ላይ ከአንባቢ የመጡ ደብዳቤዎች ተለጥፈዋል፤ አርባ ይሆናሉ። አብዛኞቹ የሚያነሱት ሚጣ የጻፈችውን ነው። ስለ ዶክተሯ የተጻፈው አንድ ብቻ ነው፤ አንድ ጡረተኛ መምህር የዓመተ ምሕረት ስሕተት አግኝቶባት ነበር። አጣርታ ስታየው ልክ ነው። ሚጣ እሱንም ለጠፈችው። "ደብዳቤ ደብዳቤ ነው፣ እታለም። ቢያንስ ይሄ ሰውዬ እስከ መጨረሻው አንብቦሻል" አለቻት። ሁሉም ሳቀ፤ ዶክተሯም ሳቀች። ቆሽቷ ግን አረረ።

በዚህ ዓመት ነገሩ ጠነከረ። መሐንዲሱ ሁለቱንም ጠርቶ "ይሄ የመጨረሻዬ ነው" አላቸው። "የሚቀጥለውን እትም ከሁለት አንዳችሁ ናችሁ የምታወጡት። አንዳንድ አዲስ መንገድ ውሰዱ። የማን መንገድ መንገደኛ እንደሚመራ እናይና መጽሐፉን ለእሷ አስረክባለሁ።"

ዶክተሯ የሐይቁን መንገድ ወሰደች፣ ሚጣ የገደሉን። ዶክተሯ መንዳት ስለማትችል የሁለቱም ሾፌር ሚጣ ነበረች። መጀመሪያ የሐይቁን ለኩ፤ ሚጣ እየነዳች ቁጥሩን ትጠራለች፣ ዶክተሯ ትጽፋለች። ዝናቡ አልፎ የገደሉ ሲደርስ ሚጣ ብቻዋን ሄደች።

ዶክተሯ መጽሐፉን ፈለገችው። ለደመወዙ አይደለም፤ ያው ነው። ከተመለሰች ስድስት ዓመቷ ነው፣ እስካሁን ግን በገዛ አገሯ እንግዳ ቤት የተቀመጠች ይመስላት ነበር፤ የሆነ ነገር ላይ "ይሄ የእኔ ነው" ማለት አማራት። የሐይቁን መንገድ ስትጽፍ አራት ወር መዝገብ ቤት አቧራ ዋጠች። እንዲህ የሚል ወጣላት፦

"በ38.0 በስተግራ፦ የቀድሞው የጨው ኬላ ፍርስራሽ። ግንባታው በሁለት ጊዜ የተካሄደ ሲሆን፣ የታችኛው ግንብ ከላይኛው በስድሳ ዓመት ገደማ ይቀድማል።"

ሚጣ ደግሞ ስለ ገደሉ እንዲህ ጻፈች፦

"በ63.2 ሞተር አጥፉ። መስኮት ክፈቱና ጸጥ በሉ። የሚሰማችሁ ውሃ ነው፤ ከዚህ ሆኖ አይታይም። ድሮ በዚህ የሚያልፉ ባለ በቅሎ ነጋዴዎች እዚህ ሲደርሱ ወሬ ያቆሙ ነበር አሉ፤ በቅሎዎቹ ውሃውን ሰምተው እንዲረጋጉ። ኋላ የሚነጫነጩ ልጆች ካሏችሁ ሞክሩት። በጎረቤቶቼ ልጆች ላይ ሠርቷል።"

ዶክተሯ ረቂቁን ስታነብ "አሉ" የምትለዋ ቃል ላይ ቆመች።

"ማን አለ?" ብላ ጠየቀች።

"ሰዎች።"

"የትኞቹ ሰዎች?"

"አፍ ያላቸው" አለች ሚጣ፣ እርሳሷን እየቀረጸች።

ከዚያ ወዲህ ዶክተሯ የእህቷን ገጾች ማንበብ ተወች። ስሕተት ብታገኝ ደስ አይላት፣ ባታገኝ ይብሳል።

የቤቱ አንድ ደንብ አለ። አንድም ገጽ ያለ እንግዳ ፈተና ማተሚያ ቤት አይሄድም። እንግዳው መንገዱን አይቶት የማያውቅ ሰው መሆን አለበት። ረቂቁን ይዞ ጂፗን ራሱ ይነዳል። ጸሐፊዋ ከኋላ ወንበር ትቀመጣለች፣ ግን ቃል አትተነፍስም። እንግዳው ገደል ሊገባ ካልሆነ በቀር፣ ብትናገር ፈተናው ፈረሰ። መሐንዲሱ "መጽሐፉን የሚገዛው ሰው አንቺን ከኋላ ጭኖ አይሄድም" ይል ነበር።

የዘንድሮው እንግዳ አጎታቸው ነበር፣ የእናታቸው ታናሽ ወንድም። ጡረታ የወጣ ፋርማሲስት ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ክኒን ሲቆጥር የሸበተ፣ በአንዲት ፍሬ ስቶ የማያውቅ። ሰዓቱን በየጠዋቱ ከሬዲዮ ጋር ያስተያያል። ለእንዲህ ዓይነት ፈተና ከእሱ የተሻለ ሰው አይገኝም።

ቅዳሜ የሐይቁ መንገድ ተራ ነበር። አጎቷ አደባባዩ ላይ ቆጣሪውን ዜሮ አድርጎ፣ መነጽሩን አስተካክሎ ተነሳ። ዶክተሯ ከኋላ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ገና ወፍጮ ቤቱ ጋ ነገሩ አላማራትም። ወፍጮ ቤቱን አልፈውት ሄደው፣ ቆጣሪው 12.6 ሲል አጎቷ ፍጥነቱን ቀንሶ ወደ ቀኝ አየ። የሰው አጥር ነበር።

"አልፈነዋል መሰለኝ" አለ ለራሱ። እሷ ከንፈሯን ነከሰች።

በ38.0 መኪናዋን ዳር አስይዞ ገጹን ጮክ ብሎ አነበበ። "የቀድሞው የጨው ኬላ... በስተግራ... የታችኛው ግንብ..." ቀና ብሎ አየ። "ልጄ፣ እኔ የማየው ጎመን ነው። የታችኛውም የላይኛውም ጎመን ነው።"

ኬላው ሁለት ኪሎሜትር ከኋላቸው ቀርቷል። ሲያልፉት አይታዋለች፤ ግንቦቹን፣ በላያቸው የበቀለውን ሐረግ፣ አራት ወሯን። መናገር አትችልም። በ84.0 ወደ ሐይቁ ዳር የሚያስገባው መታጠፊያ መኖር ነበረበት፤ የደረሱበት የጡብ ፋብሪካ በር ነው። ዘበኛው ወጥቶ ጡብ ስንት እንደሚፈልጉ ጠየቃቸው። አጎቷ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

"አይዞሽ፣ ሐይቁ የትም አይሄድም" አላት ሲመለሱ።

እሑድ የገደሉ መንገድ ተፈተነ። ማታ አጎታቸው እናታቸው ቤት ሲመጣ ፊቱ በርቶ ነበር። "ልክ እንደ ሚዛን" ይላል። "ስልሳ አንድ ቦታ፣ ስልሳ አንዱም እዚያው! ሞተር አጥፉ ትላለች፣ አጠፋሁ፤ ውሃው ተሰማኝ። መቶ አሥራ ሁለት ነጥብ አራት ላይ ወደ ግራ ትላለች፣ ታጠፍኩ፤ በዓለት የተቦረቦረው ደረጃ፣ ከሥሩ ኩሬው። ሃምሳ ዓመት እዚህ አገር ስኖር እንዲህ ያለ ቦታ አላውቅም። ባለቤቴን ካልወሰድኳት ሞቼ እገኛለሁ።"

"እታለምስ?" አለች እናታቸው።

"እሷ ጎመን አሳየችኝ" አለ አጎታቸው፤ በሳቅ ተንከባለሉ።

ሰኞ ጠዋት መሐንዲሱ ሁለቱንም ጠራ። ነገሩን ሳያስረዝም፣ ግን ደግሞ ጸባይ ባለው ድምፅ ተናገረ። "መጽሐፉ የሚጣ ነው። አንቺ ደግሞ ታሪኩን ትይዣለሽ፤ ያለ አንቺ አይሆንም።" ዶክተሯ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ያለ አንቺ አይሆንም የሚባለው ያለ እሱ ለሚሆን ሰው መሆኑን ታውቃለች።

ኮሪደሩ ላይ ሚጣ ክንዷን ያዘቻት። "እታለም፣ ቁጥሮችሽን እኔ ዞሬ እለካልሻለሁ። የአንድ ቀን ሥራ ነው። ያን ጊዜ እየጮህኩ ስጠራልሽ ንፋሱ አላሰማሽ ይሆናል።"

"ራሴ አስተካክላለሁ።"

"ማተሚያ ቤት የሚገባው የዛሬ ሳምንት ነው እኮ። ተይ አትቸገሪ።"

"ራሴ አልኩሽ።"

ብትሰድባት ይሻላት ነበር። እህቷ መልካም በሆነች ቁጥር ከሥሯ ያለው መሬት ይጠብባታል። እዚያው ኮሪደሩ ላይ እንደቆመች አንድ ሐሳብ ውልብ አለባት፦ የጠራችልኝ ቁጥር ራሱ ልክ አልነበረም። አውቃ ነው። ቆጣሪውን ነካክታዋለች። ሐሳቡ ሲመጣ አላፈረችም፤ እንዲያውም ቀለል አላት። ማስረጃ ፍለጋ ወደ ጓሮ ወረደች።

ጎሚስታው የተጣለ ጎማ ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣ ነበር። "ዶክተር፣ ምን እግር ጣለሽ?"

"ይቺን መኪና የነካ ሰው አለ?"

"እኔ ነኛ። ጫማ ቀየርኩላት።"

"መቼ?"

"ሚጣ ገደሉን ልትጀምር ሰሞን። በድሮዎቹ እዚያ ድንጋይ ላይ አትዘልቅም ብዬ፣ ከትልቅ መኪና የወጡ አራት ነበሩኝ፣ እነሱን አስገባሁላት። ከፍ ይላሉ ትንሽ። እግሯ ረዘመ፣ ሌላ ምን ሆነች?" ከተቀመጠበት ተነሳና ጎማውን በጫማው መታ አደረገው። "የድሮው ይኸው። ወንበር ሆኖኛል።"

ዶክተሯ የዕቃ ማሰሪያ ሲባጎ ለመነችው። የድሮውን ጎማ ዙሪያ ለካች፣ ጂፗ ላይ ያለውንም ለካች፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ያዘቻቸው። የአዲሱ በአንድ መዳፍ ይረዝማል። ወረቀት አላስፈለጋትም። ቆጣሪው የሚያውቀው ጎማው ስንት ጊዜ እንደዞረ ነው፤ ጎማው መተለቁን ማንም አልነገረውም። መቶ ሲል መኪናዋ መቶ ስድስት ሄዳለች። የሐይቁ መንገድ በድሮው ጎማ ተለክቶ በአዲሱ ተፈተነ፤ ልክ ሆኖ ወደቀ። የገደሉ መንገድ በአዲሱ ተለክቶ በአዲሱ ተፈተነ፤ ስሕተቱ ራሱን ሸፈነ፣ ተሳስቶ አለፈ። በማንም ሌላ መኪና ቢሄዱበት የሚጣ ስልሳ አንድ ቁጥር አንዱም ቦታው ላይ አይገኝም።

ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወጣች። ደስታዋ የልጅ ደስታ ነበር። የመሐንዲሱን በር ልትገፋ እጇን ስትዘረጋ ሳቁ ተሰማት። ስለ በቅሎዎቹ የተጻፈውን ለሚጣ ለራሷ ጮክ ብሎ እያነበበላት ነው። "በጎረቤቶቼ ልጆች ላይ ሠርቷል" ብሎ እንደገና ሳቀ።

እጇ በሩ ላይ እንዳለ ቆመች። አሁን ብትነግራቸው ምን ይሆናል? መሐንዲሱ ግንባሩን ይይዛል። ሚጣ "ውይ፣ እኔን" ትላለች። አንድ ጠዋት ሙሉ ቁጥር ያባዛሉ። ከዚያ? ከዚያ መጽሐፉ ያው የሚጣ ነው። ለካስ ፈተናው ሰበብ ነበር፤ መሐንዲሱ እንዲህ የሚስቅላትን ሴት ትቶ ግንብ ለምትቆጥር አይሰጥም። ባትነግራቸውስ? መጽሐፉ ይታተማል። የሐይቁ መንገድ ልክ ይሆናል፣ የገደሉ ይሳሳታል። ደብዳቤው ይጎርፋል። ያን ጊዜ ሲባጎውን ይዛ ትገባለች።

እጇን አወረደች። ነገ እነግራቸዋለሁ አለች በልቧ፤ ክፉ ሰው አለመሆኗን ለራሷ ለማሳየት።

ከሰዓት በኋላ ብቻዋን ስትሆን የድሮውን የቅየሳ ካርታ ዘረጋች። እውነተኛው 112.4 ላይ ምን እንዳለ ማየት ፈለገች። እዚያም በስተግራ አንድ ኮረኮንች መንገድ አለ፤ ጎርፍ ወደወሰደው አሮጌ ድልድይ ይወርዳል። ከዚያ ወዲያ መስመሩ ነጠብጣብ ነው። ካርታውን አጠፈችው። ሰው ዓይን አለው፣ ድልድይ ከሌለ ያያል፣ ይመለሳል፤ እንዲህ እያለች መሳቢያውን ዘጋች። የሐይቁን ገጾች አንዲት ቁጥር ሳትነካ "ተስተካክሏል" ብላ ለሚጣ ሰጠቻት።

ማክሰኞ ነገ ሆነ፣ ረቡዕም ነገ ሆነ። ሐሙስ ሚጣ ከገበያ ስትመለስ አዲስ እስክሪብቶ አመጣችላት፤ ዓርብ በዚያው እስክሪብቶ የዋቢ መጻሕፍት ዝርዝር ስትጽፍ ዋለች።

እሑድ ምሳ እናታቸው ቤት ነበር። ሁልጊዜ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ደርሶ ሌላውን የሚወቅሰው አጎታቸው ሰባት ሰዓት አልፎ መጣ። ባለቤቱ ከኋላው ናት። ተቀመጠ፣ ሹካውን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው።

"ምነው አጎቴ፣ ሬዲዮው ተበላሸ?" አለች ሚጣ።

"ትናንት የት እንደወሰደኝ ጠይቁኝ" አለች ባለቤቱ። "ደረጃና ኩሬ አሳይሻለሁ ብሎ ድልድይ የሌለበት ድልድይ አሳየኝ።"

ሚጣ ሳቀች። "ገጹን ገልብጠህ ይዘኸው ይሆናል።"

እሱ አልሳቀም። "ባለፈው እሑድ በራሴ እጅ ነድቻለሁ" አለ ቀስ ብሎ፣ እንደሚመሰክር ሰው። "አደባባዩ ላይ ዜሮ አደረግሁ። ያው ገጽ ነው። መቶ አሥራ ሁለት ነጥብ አራት፣ በግራ። ታጠፍኩ። ቁልቁለት ነው። ትንሽ ሄጄ 'እዚህ ጋ ደረጃው ነበር' አልኩ። የለም። መሬቱ ያልቃል። ከፊት ጎማዬ እስከ ገደሉ የዚህን ጠረጴዛ ያህል ቢቀር ነው።"

"ወርጄ ከጎማው ሥር ድንጋይ ባላደርግለት ወደ ኋላም አይወጣም ነበር" አለች ባለቤቱ፤ ከድምፅዋ ቀልዱ ጠፋ።

"ሞተር አጥፉ ያለችው ቦታም አጠፋሁ" አለ እሱ። "ውሃው አይሰማም። ለባለቤቴ ነገርኳት፣ ይሰማል አልኳት። ምንም የለም።"

"አጎቴ፣ ምናልባት አደባባዩን..."

"አደባባዩን አልተሳሳትኩም፣ ሚጣ።" እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። "ሳምንት ሳይሞላው የሄድኩበት ነው። እናታችንን መርሳቱ እንዴት እንደጀመራት ታውቂያለሽ" አላት ለእህቱ። "ሃያ ዓመት ዳቦ የገዛችበት ሱቅ ነው የጠፋባት።"

 እናታቸው መዳፏን ዘረጋች። "ቁልፉን ስጠኝ፣ ወንድሜ። ሐኪም እስኪያይህ ብቻ።"

ዶክተሯ አጎቷን ትጠብቅ ነበር፤ እንዲቆጣ፣ እንዲከራከር፣ "ምን ሆንኩና" እንዲል። አልተቆጣም። ቁልፎቹን ከኪሱ አወጣ፣ የመኪናዋን ከቤቱ ለየ፣ ቀለበቱ ጥፍሩን እያስቸገረው ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ እንደ ታዛዥ ልጅ እህቱ መዳፍ ላይ አስቀመጠው። "እውነትሽን ነው" አለ።

"አጎቴ አልተሳሳተም" አለች ዶክተሯ።

ሁሉም ዞሩባት።

"ጎማው ነው። የጂፗ ጎማ ተቀይሯል፣ ትልቅ ነው። ሚጣ የለካችው በእሱ ነው፤ አንተም የፈተንከው በእሱ። ለዚህ ነው ልክ የመጣልህ። በራስህ መኪና ስትሄድ ከመቶ ስድስት ይጎድላል። ደረጃው ከዚያ ሰባት ኪሎሜትር ገደማ ወደ ፊት ነው። አእምሮህ ምንም አልሆነም።"

 አጎቷ ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ አወጣ፣ የአፍ መጥረጊያ ወረቀት ሳበ፣ ማባዛት ጀመረ።  "መቶ አሥራ ዘጠኝ ነጥብ አንድ" አለ በመጨረሻ። ወረቀቱን ለባለቤቱ አሳያት። "አየሽ? መቶ አሥራ ዘጠኝ ነጥብ አንድ።" ከእህቱ መዳፍ ላይ ቁልፉን መልሶ ሲያነሳ ፊቱ ላይ ደም ሲመለስ ይታይ ነበር።

"መቼ ነው ያወቅሽው?" አለች ሚጣ።

አሁን፣ አጎቴ ሲናገር ገባኝ፣ ማለት ትችል ነበር። ሁሉም ያምናታል፤ እንዲያውም ብልህ ናት ይባላል። ዶክተርነቷም አንድ ቀን ሥራ ይሠራ ነበር። ውሸቱ ተዘጋጅቶ ምላሷ ላይ ተቀምጧል። አጎቷ ወረቀቱን እያጠፈ ደረት ኪሱ ውስጥ ሲከት አየች።

"ሰኞ" አለች።

"የትኛው ሰኞ?"

"ያለፈው። መጽሐፉ ለአንቺ የተሰጠ ዕለት።"

የአጎቷ ባለቤት ነበረች ቀድማ የገባት። "ትናንት እዚያ ገደል አፍ ላይ ስንቆም አንቺ ታውቂ ነበር" አለች፤ ጥያቄ አልነበረም።

"በራሳችሁ መኪና እንደምትሄዱ አላወቅሁም።"

"መጽሐፍ የሚገዛው ሁሉ በራሱ መኪና አይደለም እንዴ የሚሄደው?" አለች ሚጣ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "ለምን?"

ዶክተሯ ባሕር ማዶ የተማረችው ሁሉ፣ ምክንያትን በሦስት ገጽ የመተንተን ጥበብ ሁሉ፣ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ምንም አልረዳትም። "ቀናሁብሽ" አለች።

"ቀናሁብሽ" አለች ሚጣ ቃሉን እንደ መቅመስ ብላ። "እኔስ? አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የላክሽውን ፎቶ ሁሉ እያየሁ ስቀና ኖሬያለሁ። በረዶው፣ ካፖርቱ፣ ያ ቤተ መጻሕፍት። አንዱን ፎቶ ቀድጄ ጥያለሁ፣ ካላወቅሽ። ሰው ግን ገደል አልሰደድኩም።"

እናታቸው ሳህኖቹን መሰብሰብ ጀመረች፤ ማንም አልጨረሰም። አጎታቸው ሲወጣ ዶክተሯን ትከሻዋን መታ አደረጋት፣ ግን ዓይኗን አላያትም። ቤት ውስጥ ከቀረው ንግግር ሁሉ ያቺ እጅ ናት የከበደቻት።

ሰኞ በጠዋት ለመሐንዲሱ ነገሩት። የነገረችው ራሷ ዶክተሯ ናት፤ ሰኞ የሚለውንም አልዘለለችውም።  "ሠላሳ ዓመት መንገድ የሠራ ሰው" አለ መሐንዲሱ፣ "ጎማ ሳላይ ፈተና አለፈ አልኩ።" ስለ እሷ የተናገረው ነገር የለም። "እስከ ስድስት ሰዓት አላችሁ" ብሎ በሩን ዘጋው።

ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሚጣ የራሷን ቁጥር ታነባለች፣ ዶክተሯ ታባዛለች፣ በቀይ ትጽፋለች።

"ዘጠኝ ነጥብ አምስት።"

"አሥር ነጥብ አንድ።"

"ስልሳ ሦስት ነጥብ ሁለት።"

"ስልሳ ሰባት ነጥብ ዜሮ።"

ሚጣ እታለም አላለቻትም። አንዴ ውሃ ቀዳች፣ ለሁለቱም ቀዳች፤ ያ ይቅርታ ይሁን ልማድ ይሁን መለየት አይቻልም ነበር። ቁጥሩን ለማረም ቁጥሩ ያለበትን ማንበብ ግድ ነውና ዶክተሯ የገደሉን መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አነበበችው። በ88 ገደማ ሚስቱን ለማስደሰት ዓለት ላይ መስኮት ስለቀረጸ ድንጋይ ጠራቢ ይላል። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን እንዳይግል በየት በየት ማረፍ እንደሚሻል ይናገራል፤ በእያንዳንዱ ማረፊያ የሚታየውን አንድ ነገር ብቻ ይነግራል፣ ሁለት አይልም። ማን አለ የሚል ጥያቄ በአንደበቷ አልመጣም። ጥሩ ነበር። ይህን ማወቋ ልቧን ያሳርፋት መስሏት ነበር። አላሳረፋትም።

112.4 ጋ ሲደርሱ ሚጣ ቁጥሩን አላነበበችም። እርሳሷን አስቀምጣ በመስኮት ትንሽ አየች።

"አዲስ ይገባል" አለች። "ጻፊ። በመቶ አሥራ ሁለት ነጥብ አራት።"

ዶክተሯ እስክሪብቶውን አነሳች።

"በ112.4 በስተግራ አንድ መንገድ ይጠራችኋል። ያምራል፣ አትስሙት። ወደ ድልድይ ይወርዳል፣ ድልድዩ ግን ቀድሟችሁ ሄዷል። አንድ ጠንቃቃ ሰውና ባለቤቱ እዚህ ድረስ ወርደው፣ በአንዲት ድንጋይ ተመልሰዋል። እናንተ ድንጋዩን አታስቸግሩት። የምትፈልጉት ደረጃ ከዚህ ወደ ፊት ነው፤ አይቸኩልም፣ ከእናንተ በፊት ብዙ ሰው ጠብቋል።"

ዶክተሯ በንጹሕ እጅ ጽሑፏ ጻፈችው። ያቺ የምታውቃት ቅናት እዚያው ነበረች፤ ትናንት የተናገረችው፣ ዛሬ የተዋረደችው አላጠፋላትም። ጽሑፉን መልሳ አነበበችው። አንዲት ቃል ብትለውጥ፣ አንዲት ቃል ብትጨምር ደስ ባላት። ከላይ እስከ ታች ፈለገች፤ የምትገባበት ቦታ አልነበረም።

"ቀጥዪ" አለች ሚጣ።

"መቶ አሥራ ዘጠኝ ነጥብ አንድ" አለች፣ ጻፈችውም።